ጭራ የወጣ ሳህን ያጥባል

የጥድፊያ አማት የመኪና እሽቅድምድሙን ከሦስተኛው ዙር አሳልፈው አይተውት አያውቁም። መኪኖቹ ተሰልፈው ሲቆሙ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፈተና የሚፈትኑ ይመስል ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። መኪኖቹ ሲለቀቁ «እግዜር ይጠብቃቸው» ይላሉ። አንደኛው ዙር ላይ ያዛጋሉ፣ ሁለተኛው ላይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ያርፋል፣ ሦስተኛው ላይ ጭልጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጎማ ቢፈነዳ፣ ሞተር ቢቃጠል አይሰሙም። የሚነቁት አሸናፊው ሻምፓኝ ሲረጭ ነው፤ ነቅተውም «አለቀ? ያው ያ ልጅ ነው አይደል ያሸነፈው?» ይላሉ። ያው ያ ልጅ ነው። ጥድፊያን የሚያበግነውም እሱ ነው፤ ሴትዮዋ ተኝተውም አይሳሳቱም።

ይህን ሁሉ የምትነግረው ሚስቱ ናት። እሱማ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። «ጥድፊያ» መቼም እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች ናቸው ያወጡለት። እሁድ እሁድ የዓለምን ትልቁን የመኪና ውድድር ለሕዝብ የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ሲያወራ ደግሞ ከመኪኖቹ ይቀድማል። መቼ ትንፋሽ እንደሚወስድ የሚያውቅ የለም። በጎረምሳነቱ የያዘውን ማይክሮፎን ፀጉሩ እስኪሸብት አልለቀቀም። ሌላ ሙያ የለውም፤ አምሮትም አያውቅ። አማቱ ግን ጓደኞቻቸው ፊት «የልጄ ባል ቴሌቪዥን ጣቢያ ይሠራል» ብለው እዚያው ላይ ያቆማሉ። ምን እንደሚሠራ አይጨምሩም። ምን ብለው ይጨምሩ? «መኪና ሲዞር እያየ ያወራል» ይበሉ?

አንድ ሰኞ ጠዋት የስፖርት ክፍል ኃላፊዋ ጠራችው። ድሮ አብረው የተቀጠሩ ናቸው፤ እሷ እየወጣች እየወጣች ላይኛው ፎቅ ደረሰች፣ እሱ ታች፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ክፍል ውስጥ ቀረ። ኮምፒዩተሯን ወደ እሱ አዞረችለት። አንድ ቀይ መስመር ይታያል፤ ከግራ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና ወዲያው ተንሸራቶ መሬት ላይ ይነጠፋል።

«ይሄ ተመልካችህ ነው» አለችው።

«ታሟል እንዴ?»

አልሳቀችም። «ሰው ሲነሡ ያያል። ግጭት ካለ ይቆያል፣ ከሌለ ይሄዳል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ አንተና ኢንጂነሩ ናችሁ እርስ በርስ የምትጫወቱት።»

ሦስተኛው ዙር ስትል አማቱ ድቅን አሉበት። ሲታይ አገሩ በሙሉ አማቱ ሆኗል ማለት ነው።

«ሦስት እሁድ አለህ» አለችው፤ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከዚያ ይሄ መስመር ቀና ካላለ ሰዓቱን ለምግብ ዝግጅት ሊሰጡት ነው። ያኔ አንተም ቦታ የለህም። እውነቴን ነው፣ ልከላከልልህ ብልም የምይዘው ነገር የለኝም።»

«ለምግብ ዝግጅት?»

«ሽንኩርት ሲቁላላ ሰው እስከ መጨረሻው ያያል።»

ጥድፊያ ወሽመጡ ተቆርጦ ደረጃውን ወረደ። ሰው የሞተበት መስሎ ሻይ ክፍል ሲገባ ያየው ሁሉ ምን ሆንክ አለው፤ ነገራቸው። ሻይ ክፍል ማለት በዚያ ጣቢያ የችግር ሁሉ ማራገፊያ ነው። ማጠቢያ ገንዳው ውስጥ ማን እንደጠጣበት የማይታወቅ የኩባያ ክምር አለ፤ ሁሉም አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል እንጂ የሚያጥብ የለም። እዚያ ክምር አጠገብ ቆመው ነው እንግዲህ የዓለምን ውድድር ሊያሻሽሉ የተነሡት።

«ሳይነገራቸው ውሃ መርጨት ነው» አለ ዳይሬክተሩ፣ ከውጭ ከሚመጣው ምስል የትኛው ለተመልካች እንደሚታይ የሚመርጠው ሰውዬ። «አስፋልቱ ላይ ቧንቧ መቅበር፤ ዝም ብሎ ባልታሰበ ሰዓት መክፈት።»

«በግማሹ ላይ መኪና ይቀያየሩ» አለች ለፊት ቀቢነት የተቀጠረችው የሜካፕ ባለሙያ። «ልጁ ነው ጎበዝ ወይስ መኪናው፣ ያኔ ይለያል።»

ጥበቃው ከበሩ ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን አስገባ። «ጎማቸውን ራሳቸው ይቀይሩ። ወርደው፣ ክሪክ ይዘው። እኛ ስንቀይር ማን ያግዘናል?»

ይሄ ብዙ ድጋፍ አገኘ። ከዚያ ኢንጂነሩ ተነሣ። ኢንጂነሩ ከጥድፊያ ጎን ተቀምጦ የመኪናውን ሆድ ዕቃ የሚያብራራው ሰው ነው፤ ደግ ነው፣ አዋቂ ነው፣ አንዴ ከጀመረ ግን ማቆሚያ ፍሬን የለውም። ያለፈውን ሳምንት ያሸነፈ ከሁሉ ኋላ ተሰልፎ ይነሣ አለ፤ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ይህ በጎማ ሙቀት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማስረዳት ሲጀምር ሰዉ አንድ በአንድ ኩባያውን ክምሩ ላይ እየጨመረ ወጣ።

ጥድፊያ ብቻውን ሲቀር ቁጭ ብሎ አሰበበት። ሐሳቡ ሁሉ ሸጋ ነው፤ ግን ውድድሩ የእነሱ አይደለም። ዝናብ ማዝነብ አይችሉም፣ አሰላለፍ መቀየር አይችሉም፣ ያንን ልጅ ከመኪናው ማስወረድ አይችሉም። የእነሱ የሆነው አንድ ነገር ቢኖር አፋቸው ነው። እንግዲያው በአፉ ሊያደርገው ወሰነ፤ ጉዱም ከዚህ ጀመረ።

በመጀመሪያው እሁድ ጮኸ። እንዲህ በቀላሉ ጮኸ የሚባል አይደለም። መኪና ሲታጠፍ ጮኸ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጮኸ፣ መሪው ልጅ ከሚከተለው ሰው ዐይን እስኪሰወር ርቆ ብቻውን ሲነዳ፣ «ልብ በሉ፣ አሁን ማርሽ ቀየረ» ብሎ ቤት የሚፈርስ እስኪመስል ጮኸ። ቤት አማቱ ብድግ ብለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉትና በሰላም ተኙ። ውድድሩ ግማሽ ላይ ሳይደርስ የጥድፊያ ጉሮሮ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ብሎ ተዘጋ። ቀሪውን ኢንጂነሩ ያዘው፤ ስለ ጎማ ላስቲክ አሠራር እስከ ፍጻሜው ድረስ ተረከ። ሰኞ የታየው ቀይ መስመር ከበፊቱም ቀድሞ ነበር የተነጠፈው።

ሐኪሙ በባትሪ ጉሮሮውን አይቶ «እስከ ቀጣዩ ሰኞ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ» አለው።

«እሁድንም ጨምሮ?» አለ ጥድፊያ በሲጥታ።

«ይቺም ተቆጥራብሃለች» አለ ሐኪሙ።

እንዲህ ሆኖ ነው በሁለተኛው እሁድ፣ ከሦስቱ አንዱ ተቃጥሎ ሁለተኛውም ሲያልፍ፣ አፉን ዘግቶ ቤቱ የተቀመጠው። ሆዱ ብሶበታል። ምሳ መኮሮኒ ነበር፤ ድስቱ ሥር እርር ብሎ የያዘ መኮሮኒ። ገበታው ተነሣና የዘወትሩ ጥያቄ መጣ፤ ማን ይጠብ?

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣለች። የሚስቱ ወንድም ታክሲ ነጂ ነው፤ እሁድ እሁድ ለምሳ ይመጣል፣ ከምሳ በኋላ ግን ወገቡን ያመዋል። ጥድፊያ ጉሮሮውን በጣቱ አመለከተ፤ ጉሮሮ ከሳህን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማንም አልገባውም። በዚህ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈቱት አማቱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ክፍል ኃላፊ ሆነው ኖረዋል፤ መስኮት ሥር ማን እንደሚተኛ፣ መታጠቢያ ቤቱን ማን እንደሚጠርግ በዕጣ ሲወስኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ልማዱ ግን ጡረታ አልወጣም። ጥድፊያና ሚስቱ አልጋው ላይ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ እንኳ በዕጣ ነው የወሰኑላቸው።

«ወረቀት አምጡ» አሉ አማቱ።

«እማዬ፣ በዕጣሽ አልስማማም» አለ ልጃቸው። «ባለፈው የኔን ወረቀት አጥፈሽ ምልክት አድርገሽበታል።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ? በዕጣ?» አሉ። ሌላ ስድብ ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። «እሺ። እንግዲያው እኔ እጄን ላስገባበት የማልችለው ነገር ይወስን።» ዐይናቸው ቤቱን ዞሮ ቴሌቪዥኑ ላይ ዐረፈ፤ መኪኖቹ ሊሰለፉ እየተዘጋጁ ነው። «እነዚህን ልጆች መቼም አላውቃቸውም። አንተ» አሉ ወደ ጥድፊያ ዞረው፣ «የመኪኖቹን ቀለም በየወረቀቱ ጻፍልኝ። ለየሰው አንድ አንድ ይድረሰው። ከኛ መኪና መካከል ከሁሉ ኋላ የገባ፣ ሳህኑን ያጥባል።»

ጥድፊያ ጻፈ። ወረቀቶቹን አጣጥፈው የፓስታ ማጥለያው ውስጥ ጨመሩና አወጡ። ለሚስቱ ወንድም ቀዩ ደረሰው፤ ያው የዚያ ልጅ መኪና። ወንድምዬው ሶፋው ላይ ተዘረረ። «ሲያልቅ ቀስቅሱኝ» ብሎ ዐይኑን ጨፈነ።

«ተነሥ» አሉ አማቱ። «ይሄማ ዕጣ አይደለም፣ አልጋ ነው። የፊተኞቹን ሁሉ አውጣቸው። እነሱ የደረሱት ሰው ተኝቶ ይውላል። ጭራዎቹን ብቻ ተዉልኝ።»

ጥድፊያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። የሆነ ነገር ጭንቅላቱን ኮርኮር አደረገው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘውም። የፊተኞቹን አወጣቸው። እንደገና ሲወጣ ለአማቱ ቡናማው፣ ለወንድምዬው ቢጫው፣ ለሚስቱ ሰማያዊው፣ ለእሱ ነጩ ደረሳቸው። ሁሉም ከኋላ የሚንፏቀቁ፣ እሱ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስማቸውን ጠርቶ የማያውቃቸው ምስኪኖች ናቸው።

«ከተሰበረስ?» አለች ሚስቱ።

አማቱ አሰቡበት። «መኪናው የተሰበረበት ሰው ሐዘንተኛ ነው» አሉ። «ሐዘንተኛ ሳህን አያጥብም።»

ወንድምዬው ይህን ሲሰማ የራሱ መኪና ሞተር እንዲቃጠልለት ከልቡ ይመኝ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሳይ ውዬ እሁድ ደግሞ መኪና አላይም ሲል የኖረ ሰው፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

መኪኖቹ ተለቀቁ። አማቱ እግዜር ይጠብቃቸው ማለቱን ረሱት። አንደኛው ዙር አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ጥድፊያ ቴሌቪዥኑን ትቶ እሳቸውን ነው የሚያየው። ሦስተኛው ዙር መጣ፤ አማቱ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ጉልበታቸውን ይዘዋል። «የኔስ የታለ? ቡናማው የታለ? ምነው ይሄን ፊተኛውን ብቻ ያሳዩናል፣ እሱ እንደሆነ ብቻውን ነው» ይላሉ። አምስተኛው ላይ ቡናማው ቢጫውን ሲያልፍ ልጃቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጀርባውን መቱት። አሥረኛው ላይ ሚስቱ እግሯን አውርዳ ቆማለች። ጥድፊያ ዐይኑ እንባ አቀረረ። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ እንዲያዩለት ነበር የጮኸው፤ አሁን የሚያዩት እሱ አፉን በዘጋበት ቀን ነው።

መናገር አለመቻሉ ደግሞ ሊገድለው ደረሰ። ኢንጂነሩ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ስለ ጎማ ማለቅ ሲያወራ አማቱ ጉልበቱን ነቅነቅ አድርገው «ምን ማለቱ ነው? ቡናማው ያቆማል ወይ ነው የምልህ» ይሉታል። እሱ አንድ ያልታጠበ ሳህን አነሣ፤ እንደ ጎማ አሽከረከረው፣ ጠርዙን በጣቱ ፋቀ፣ ከዚያ ሳህኑን ከእጁ አስመልጦ መልሶ ቀለበው።

«ይንሸራተታል ነው የሚልሽ» አለች ሚስቱ።

«ይንሸራተታል?» አሉ አማቱ። «ይቁም እንጂ እንግዲያ፣ ይቀይር። ምን ይጠብቃል?»

ቡናማው ቆሞ ጎማ ቀየረ። አማቱ የታዘዙላቸው መስሏቸው ኮሩ። ሻምፓኙ ሲረጭ ማን እንዳሸነፈ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጫው ጭራ ወጥቶ ወንድምዬው የድስቱን ቃጠሎ ሲፈትግ አማቱ ከበሩ ላይ ቆመው «እጥፉ ጋ ነው የፈራኸው» ይሉታል፤ መኪናውን ራሱ የነዳ ይመስል።

ሰኞ ጥድፊያ ገና እንደ ንፋስ በሚወጣ ድምፅ ለኃላፊዋ ነገራት። አንድ እሁድ ቀርታዋለች።

«ሳህን?» አለች ኃላፊዋ።

«ሳህን። ዋናው ግን ሳህኑ አይደለም። የፊተኞቹን ማውጣት ነው። ሰው የራሱ የሚለው ሲኖረው፣ ያ የራሱ የሚለው ደግሞ አደጋ ላይ ሲሆን ነው የሚያየው። እኛ ለሰው የምንሰጠው የማይነካውን ልጅ ነው። ስለ እሱ ማን ይጨነቃል?»

ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «ሌላ ጊዜ ቢሆን እምቢ እልህ ነበር። አሁን ግን የምታጣው ነገር የለህም። እንደፈለግህ አድርገው።»

በሦስተኛው እሁድ ጥድፊያ ያንን የተቃጠለ ድስት ከቤት ይዞ ጣቢያው ገባ። ፓስታ ማጥለያውን አማቱ አላበድርም ብለዋል፤ ቤትም ዕጣ አለ። ዳይሬክተሩ አወጣ፣ ኢንጂነሩ አወጣ፣ ጥድፊያ አወጣ። ከዚያ ድስቱን ተሸክሞ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ኃላፊዋ ለወጉ ያህል ሳታይ እጇን ሰዳ አንድ ወረቀት አነሣችና ኪሷ ከተተችው። ውርርዱ ግልጽ ነው፤ ጭራ የወጣ የሻይ ክፍሉን ክምር ያጥባል። ይህን ሲሰማ ጥበቃው ሳይቀር የዕጣው ውጤት ምን እንደሚሆን ይጠይቅ ጀመር።

ሥርጭቱ ሲከፈት ጥድፊያ አልጮኸም፤ ቢፈልግም ጉሮሮው ገና ነው። «ዛሬ ማን እንደሚያሸንፍ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ» አለ ለተመልካቹ። «ስለዚህ እሱን እንተወውና ቤት ውስጥ ያልታጠበ ዕቃ ካለ እንነጋገር።» ሕጉን ነገራቸው፤ የፊተኞቹን አውጡ፣ ከኋለኞቹ አንድ አንድ ይድረሳችሁ፣ የተሰበረበት ሐዘንተኛ ነው። ሐዘንተኛው ላይ ሲደርስ ኢንጂነሩ ማይክሮፎኑ ላይ ሳቀ። ኢንጂነሩ በሥርጭት ሲስቅ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ውድድሩ እንደ ወትሮው ነው፤ ቀዩ ተፈተለከና ጠፋ። ግን ከኋላ ሌላ ዓለም ነበር። ግራጫውና ቡናማው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንደ ጎረቤት ጠበኛ ተያይዘዋል፤ ሲቀዳደሙ፣ ሲተላለፉ፣ አንዱ ሲስት ሌላው ሲገባ። ቡናማው የጥድፊያ ነው። ዳይሬክተሩ የራሱ መኪና ተሰብሮ ሐዘንተኛ ሆኗል፤ ቢሆንም ልቡ እዚያው ኋላ ቀርቶ ኋለኞቹን የሚያሳየውን ምስል ይዞ አልለቅም አለ። ኢንጂነሩ ስለ ጎማ ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ የሚያስፈራ ሆነ፤ የግራጫው ጎማ አልቆ ነበርና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሁሉም ለማወቅ ጓጉቷል። ጥድፊያ በተሰነጣጠቀ ድምፁ አንዴ እያንሾካሾከ፣ አንዴ እየተማጸነ ቡናማውን ሲያጅብ ነገር ዓለሙን ረሳ።

«አሁን ነው፣ አሁን እጥፉ ላይ ነው የሚለይለት» አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ገቡ።

ምስሉ ጠፋ።

ማለትም በምትኩ ሌላ መጣ፤ ቀዩ መኪና፣ ባንዲራ፣ የሚዘሉ ሰዎች። ከውጭ የሚመጣው ምስል ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደዚያ ልጅ ዞሯል።

«ምንድን ነው ይሄ? ኋለኞቹን መልሱልን» አለ ጥድፊያ፣ በቀጥታ ሥርጭት።

ኢንጂነሩ የውጤት ማሳያውን አየ። «አሸናፊው ገብቷል» አለ ቀስ ብሎ።

«መቼ?»

«ቅድም።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። ሦስት ጎልማሶች፣ ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች፣ የዓለም ውድድር አሸናፊ መስመሩን ሲያልፍ አላዩትም፣ አላሳዩትም፣ ስሙንም አልጠሩትም። ይባስ ብሎ ደግሞ የኋለኞቹንም ፍጻሜ አላዩም። ጥድፊያ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ «ውድ ተመልካቾች፣ ያሸነፈው ያው ነው። እኛ ግን አላየነውም፤ ይቅርታ» አለ። በሐሳቡ የምግብ ዝግጅቱ የሽንኩርት ድስት ከፊቱ ሲጣድ ታየው። እንግዲህ በቃኝ፣ አለ ለራሱ። ቢያንስ ያለቀው ሲያምር ነው ብሎ ሊጽናና ሞከረ፤ አልተጽናናም።

ስልኩ ጮኸ። ዳይሬክተሩ አነሣው፣ ሰማ፣ «አናውቅም» ብሎ ዘጋ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። «እኛም አላየንም» አለ። ደግሞ ጮኸ። አራተኛው ላይ ፊቱ ተለዋውጦ «ላንተ ነው፣ አማትህ ነኝ ይላሉ» ብሎ ለጥድፊያ አቀበለው።

«አንተ» አሉ አማቱ። «ግራጫው ነው ቡናማው ጭራ የወጣው? እዚህ ሰው ሳህን አላጥብም ብሎኛል። ጎረቤትም እየመጣ ይጠይቀኛል።»

«እማማ፣ የሚደውለው ሰው ሁሉ...»

«ሌላውን ተወው። ግራጫው ነው ቡናማው?»

ስልኩን ሳይዘጋ በሩ ተከፈተ። ኃላፊዋ ናት፤ ደረጃውን ሮጣ ነው የወረደችው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ፊቷ ቅጭም ብሏል። ጥድፊያ ብድግ ብሎ ቆመ። «አሸናፊውን አለማሳየታችን...» ብሎ ጀመረ።

«የምን አሸናፊ» አለች። ኪሷ ገብታ አንዲት የተጨማደደች ወረቀት አወጣች። «ግራጫው የት ገባ?»

ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። ኢንጂነሩ ማሳያው ላይ ተደፍቶ የመጨረሻው ውጤት እስኪመጣ ጠበቀ። በሕይወቱ ሙሉ ይህን ያህል ሰው ንግግሩን ጓጉቶ ጠብቆት አያውቅም፤ ማጣጣሙም አልቀረ።

«ቡናማው ለጥቂት ቀደመ» አለ። «ግራጫው ጭራ።»

ጥድፊያ ለአማቱ በስልኩ ነገራቸው። ከወዲያኛው ጫፍ ሁካታ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

ኃላፊዋ ወረቀቷን አየቻት። ከዚያ ጫማዋን ጥግ ላይ አኑራ፣ ባዶ እግሯን ሻይ ክፍል ገባችና እጅጌዋን ጠቅልላ ቧንቧውን ከፈተች። ጣቢያው በሙሉ ተከትሏት በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ጥበቃውም አለ። ታች ያለው ኩባያ ላይ ስትደርስ «ይሄ የማን ነው? ሊፕስቲክ አለበት» አለች፤ ሜካፕ ባለሙያዋ ከሰው ኋላ ተሸሸገች።

ጥድፊያ ከጎኗ ቆመ። መጠየቅ ፈርቷል፣ አለመጠየቅም አልቻለም። «እና... የምግብ ዝግጅቱ?»

ኃላፊዋ በአረፋማ እጇ ኪሷን አመለከተችው። ስልኳን አወጣላት። ቀዩ መስመር እዚያ ነበር፤ ከግራ ተነሥቶ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጭራሽ ሽቅብ ወጥቷል።

«ነገ ይሄንን ይዤ እገባለሁ» አለች። «ሽንኩርታቸውን ቅዳሜ ያቁላሉ።» አንድ ኩባያ አጥባ ገለበጠችው። «አንተም ለሚቀጥለው እሁድ ድስቱን ቀደም አድርገህ አምጣው። መጀመሪያ የማወጣው እኔ ነኝ።»

ጥድፊያ ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። ለሚስቱ ከየት ጀምሮ እንደሚነግራት እያቀደ በሩን ከፈተ። ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ ግን ፈገግታቸው ደስ አይልም።

«አንተ ስለሌለህ እኔ አወጣሁልህ» አለች ሚስቱ።

«ምን አወጣሽልኝ?»

«ግራጫውን።»

ማዕድ ቤት ያለው ክምር የሦስት ሰው ምሳ አይመስልም፤ ጎረቤትም በልቶ የሄደ ይመስላል። ጥድፊያ አልተከራከረም። እጅጌውን ጠቅልሎ ውሃውን ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው የወንበር መጎተት ሰማ። አማቱ ናቸው፤ ወንበሩን ከገንዳው አጠገብ አድርገው ሻርፓቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አድርገዋል።

«ለእነዚያ ለጓደኞቼ ደወልኩላቸው» አሉ። «ይሄ የሚያወራው የልጄ ባል ነው አልኳቸው።»

ጥድፊያ የያዘው ሳህን ሊያመልጠው ነበር።

«ደግሞ አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር፣ ያኔ ጉሮሮህን አሞህ በወጉ ሳትመልስልኝ ቀረህ» አሉ። «እስቲ አስረዳኝ፤ ጎማውን መቼ እንደሚቀይሩት በምን ያውቃሉ?»

ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት በዚህ ቤት ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሚስቱም፤ ታክሲ ነጂው ወንድሟም። ለሕዝብ ሲያወራ መልሱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨርሰው። አሁን ግን ውሃውን ዘጋ፣ ሳህኑን አነሣ፣ እንደ ጎማ አድርጎ ያዘና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ በተሰነጠቀች ድምፁ። ረጅም ነበር። ሳህኖቹ ደረቁ፣ መሽቶ መብራት ማብራት ያስፈልግ ነበር፣ እሱ ግን ከላስቲኩ ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ፀሐዩ፣ ከፀሐዩ ወደ ነጂው እጅ ሄደ። በየመሀሉ ሰረቅ አድርጎ ያያቸዋል።

እስኪጨርስ ድረስ አልተኙም።